ሰባኪው እና ጥርስ የሌላት ተርኪ

ሱቄ ውስጥ፣ ከዱቄቱ መደርደሪያ በላይ ያለው ግድግዳ በሸሚዝ ቁራጭ ተሸፍኗል። አላፊ አግዳሚ ሲያየው ልብስ ሰፊ የሚኖርበት ቤት ይመስለዋል። የመንደራችን የቢች ፎርክ ሰው ግን ያውቀዋል። እኛ ጋ አንድ ሰው ተርኪ በሚባለው ትልቅ የዱር ወፍ ላይ ተኩሶ ከሳተ፣ አብሮት ያደነው ሰው የሸሚዙን ጫፍ ይቆርጥና ስሙን ጽፎበት እዚህ ይቸነክርለታል። ይግባኝ የለም። ጨርቁ የሚወርደው ያው ራሱ ወፍ በሰውየው ወይም በቤተሰቡ እጅ ሲወድቅ ብቻ ነው። ፓስተራችን ሁለት ቁራጭ አለው፣ ሚስቱ አንድ ብቻ፤ በቤታቸው ሰላም የጠፋው በዚህ የተነሳ ነው ይባላል።

ኦፓል እባላለሁ። ሱቁ የኔ ነው፤ ግድግዳው ግን የሁላችንም ስለሆነ እንደፈለግሁ አላዝበትም።

ከቁራጮቹ መሀል አንድ ቀይ ዳማ ዳማ አለ፤ «ዶርሰል» የሚል ተጽፎበታል። ዶርሰል የአክስቴ የዴልፊያ ባል ነበር። በዚህ ተራራ ላይ እንደሱ ተርኪ የሚጠራ ሰው አልተፈጠረም፤ እንደ ሴት ተርኪ ሲያሰማ ወንዶቹ ወፎች ይቅሩና እኛም ዞር እንል ነበር። ዕድሜ ልኩን ግድግዳዬ ላይ ሳይወጣ ኖሮ፣ በመጨረሻው ጸደዩ ከታናሽ ወንድሙ ከሀርለስ ጋር ወጣና አንድ ግዙፍ አውራ ተርኪ አፍንጫው ስር ቆሞ ሳተው። ሀርለስ ጨርቁን እያውለበለበ ሱቄ ገባ።

«ድንጋይ ቢወረውር ይመታው ነበር እኮ! ባርኔጣውን ቢጥልበት ይይዘው ነበር!» እያለ።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ዶርሰልም በሩ ላይ ቆሞ አብሮ ሳቀ። ቅጠሉ ሲረግፍ ሞተ።

አክስቴ ዴልፊያ ለሀርለስ ያንን ሳቅ ይቅር አላለችውም። «ሊሞት ጥቂት ወር ሲቀረው ባሌን መሳቂያ አደረገብኝ» ትላለች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሀርለስ መዝሙር ሲያነሳ እሷ መስኮቱን ታያለች። ሱቅ ስትመጣ ወደ ጨርቁ ቀና አትልም። አንዴ ላወርድላት ብል «ተይው፣ ሕግ ሕግ ነው» አለችኝ፤ ግን ዘይት ላመጣላት ዞር ስል በጣቷ ስትነካው አይቻታለሁ።

ያ አውራ ተርኪ ግን አለ። ሰባኪው ነው የምንለው። ደረቱን ነፍቶ፣ ጭራውን ዘርግቶ፣ ፊቱ አንዴ ቀይ፣ አንዴ ነጭ፣ አንዴ ሰማያዊ እየሆነ፣ ማንም ሳይጠይቀው ጎህ ሲቀድ ይጀምራል፤ ከጀመረም አያቆምም። የመኪና በር ሲዘጋ «ጉልጉልጉል» ብሎ ይመልሳል። ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ይመልሳል። ፓስተሩ ሲያስነጥስ እንኳ የመለሰበት ቀን አለ፤ ያን ቀን ከስብከቱ ይልቅ «አሜን» የበዛው ለሱ ነው።

ዶርሰል የአልጋ ቁራኛ በሆነበት በጋ ሰባኪው በየማለዳው ጓሯቸው፣ ፖም ዛፉ ስር ይመጣ ነበር። ባልና ሚስት በመስኮት ሲያዩት ያረፍዳሉ። ዶርሰል ከሞተ በኋላም ወፉ መምጣቱን አልተወም፤ አክስቴም ማየቷን።

«ጠዋት ተነስቼ እንዴት አደርክ የምለው እሱን ብቻ ነው» አለችኝ አንድ ቀን፣ ፊት ለፊት እያየችኝ። «እሱ ከሞተ ለማን ብዬ ነው ከአልጋ የምወርደው?»

እንግዲህ በዚህ ጸደይ፣ አደኑ በተከፈተ ሰሞን፣ ሀርለስ ሱቄ መሀል ቆሞ በሰው ፊት ማለ። «ዘንድሮ ሰባኪው ላባውን ቆጥሮ ያስረክበኛል! መቃብር በምናጸዳበት ቀን ምሳ ላይ ታገኙታላችሁ፣ ተጠብሶ!»

አክስቴ ባቄላ እየመረጠች ነበር። ቀና አላለችም። ወደ ቤቷ ስሸኛት «ለምን አትለምኚውም?» አልኳት።

«ወንድን አትግደል ብለሽ ከለመንሽው ነገ ከዶሮ ቀድሞ ይነሳል።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

ዴልፊያ ግራ ቀኙን አየች። ሰው ሠራሽ ጥርሷን ከአፏ አወጣች፣ በመሀረብ ጠቅልላ የሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተች፣ ጉንጯን ወደ ውስጥ ሰበሰበችና «ክያው፣ ክያው፣ ክያው» አለች። ከላይ ከጫካው ሰባኪው «ጉልጉልጉል» አላት። የሰባ ሁለት ዓመት ሴት እንደ ኮረዳ ፊቷ ቀላ።

የተርኪ አደን ብልሃቱ ይታወቃል፤ አዳኙ ሴት ተርኪ መስሎ ይጠራል፣ ወንዱ ይመጣል። ጣጣው እውነተኛ ሴት በአካባቢው ካለች ነው፤ ወንዱ አዳኙን ትቶ እሷ ዘንድ ይሄዳል። ያን ጊዜ አባቶቻችን ያስተማሩን «ሴቷን ተከተል፣ ወንዱ ከኋላዋ ይመጣል» ብለው ነው። ሀርለስ ይህን ከእናቱ ጡት ጋር ነው የጠባው። አክስቴም ይህን ታውቃለች። ስለዚህ በየማለዳው ሀርለስ ክዳኑ ሲፋቅ እንደ ሴት ተርኪ በሚጮኸው የእንጨት ሳጥኑ መጥራት ሲጀምር እሷ ከወዲያኛው ሸንተረር ትመልስለታለች። ሀርለስ ያቺን ሴት ብሎ ይነሳል። እሷ ወደ ላይ፣ እሱ ወደ ላይ፤ እሷ ወደ ወንዙ፣ እሱ ወደ ወንዙ፤ ጉልበቱ እየተንቋቋ። ሰባኪው በዚህ ጊዜ ፖም ዛፉ ስር ቆሞ የተበተነለትን በቆሎ ይለቅማል። እሷ አዳኝ ወፍ መስላው እንዳይተኩስባት ሁሌም ብርቱካንማ ቆብ አድርጋ ከወፍራም ግንድ ወይም ከአለት ጀርባ ነበር የምትቀመጠው። አሮጊት ናት እንጂ ሞኝ አይደለችም።

በሁለተኛው ሳምንት ሀርለስ ሱቄ ገብቶ የዱቄት ጆንያ ላይ ተዘረፈጠ። ጫማው ጭቃ፣ ፊቱ በእሾህ የተቧጨረ።

«ኦፓል፣ አንዲት ሴት ተርኪ አለች» አለ። «ከሲኦል የወጣች።»

አክስቴ ከመደርደሪያው ጀርባ ስኳር ትመርጥ ነበር። ስኳር ምኑ እንደሚመረጥ እግዜር ይወቀው።

«ምን አደረገችህ?» አልኩት።

«ምን ያላደረገችኝ አለ? ስጠራ ትሰድበኛለች። ዝም ስል ዝም ትላለች። ልክ ስደርስባት የለችም! ደግሞ ድምጿ! የተሰነጠቀ፣ የሚያፏጭ… ጥርሷ እንዳለቀ አሮጊት!»

«ተርኪ ጥርስ ኖሯት ያውቃል እንዴ?»

«ይቺ ቢኖራት ትነክሰኝ ነበር! ደግሞ ሌላ ነገር ልንገርሽ፤ የሄደችበት ሁሉ ራምፕ ይሸታል።»

በሚያዝያ ተራራው ሁሉ የዱር ሽንኩርቱን ራምፕ ይበላል፤ ግን እንደ አክስቴ በቅቤም፣ በድንችም፣ በጥሬውም የሚበላ የለም። ከመደርደሪያው ጀርባ አፏን በእጇ ስትይዝ አየኋት። ቢሆንም ዝም ማለት አልሆነላትም።

«ምናልባት» አለች ጣራውን እያየች፣ «ምናልባት ወፏ አንተን ነው የጠላችህ።»

ዶርሰል ከተቀበረ ጀምሮ ለሀርለስ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው። ሰውየው ደንግጦ ባርኔጣውን አወለቀ። «ምን በድያት?» አለ፣ ዝግ ብሎ። አክስቴ ስኳሩን ጠረጴዛው ላይ በኃይል አስቀምጣ ወጣች። እኔ ሳቄን ለመዋጥ የሳሙና ሣጥን ውስጥ ጭንቅላቴን ከተትኩ።

እንዲህ እያለ የአደኑ የመጨረሻ ቀን ደረሰ፣ ቅዳሜ። በጸደይ አደን ከቀትር በኋላ መተኮስ ክልክል ነው፤ ስለዚህ ሰባኪው ያን ቀን ቀትርን ካለፈ ዓመት ያገኛል። ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ጤዛ ላይ ተቀምጣ የጮኸችው አክስቴ ጉሮሮዋ ተዘግቶ ነበር።

«ዛሬ አንቺም ትመጪያለሽ» አለችኝ፣ በሹክሹክታ።

«ሱቁስ?»

«ሱቅ ሰኞም አለ። ሰባኪው ሰኞ ላይኖር ይችላል።»

የሄድነው ወደ ቤተሰቡ መቃብር ነው፣ ጉብታው ላይ። ሣር መቁረጫ መቀስ ይዛለች፤ ሰው ካየን መቃብር ልናጸዳ መጣን ልንል። ቦታውን የመረጠችበት ምክንያት አላት። በኛ አገር ወደ መቃብር አጥር አፈሙዝ የሚያዞር ሰው እናት አልወለደችውም። የዶርሰል የመቃብር ድንጋይ የሁለት ሰው ነው፤ በግራ የሱ ስም፣ በቀኝ የሷ፣ ከሷ ስም ስር ግን የሞት ዓመቱ ገና ባዶ። ከራሷ ስም ጀርባ ሄዳ ተደበቀች። እኔ ከአያቴ ድንጋይ ጀርባ ተጋደምኩ።

ጥርሷን አውልቃ «ክያው» አለች። እንደ ዛገ ማጠፊያ ነበር። ከታች ከሸለቆው የሀርለስ ሳጥን ወዲያው መለሰ። መጣ ማለት ነው፣ ሴቷን ተከትሎ፣ እንደ ሁልጊዜው። አክስቴ ጠቀሰችኝ። ያኔ ነው ከጓሯ በኩል «ጉልጉልጉል!» የሚል የሰማነው። ቅርብ። ከዚያ ደግሞ ይበልጥ ቅርብ። ሰባኪው በቆሎውን ትቶ ለእሷ መጣ።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አልኳት በሹክሹክታ። ቆነጠጠችኝ፤ እጇ ረጅም ነው።

ሰባኪው በአጥሩ ሽቦ ስር ሾልኮ ገባ። ከዚህ ቅርብ አይቼው አላውቅም። ላባው ፀሐይ ሲያርፍበት መዳብም አረንጓዴም ይሆናል፤ ከደረቱ የተንጠለጠለው ጢሙ ሣሩን ይጠርጋል። በአያቴ መቃብር ዙሪያ ጭራውን ዘርግቶ፣ ክንፉን መሬት እያስፋቀ፣ ይንጎራደድ ገባ። አያቴ በሕይወቷ ከማንም እንዲህ ያለ ክብር ስታገኝ አላየሁም። ከዚያ ከአጥሩ ውጭ፣ ከትልቁ ዋርካ ጀርባ፣ የሀርለስን ባርኔጣ አየሁ። ጠመንጃው ጉልበቱ ላይ ነው። ወደ መቃብሩ አይተኩስም። ሰባኪው ከሽቦው አንድ እርምጃ እስኪወጣ ይጠብቃል፣ ጊዜው ደግሞ አለው።

አክስቴም ገባት። ፊቷ አመድ መሰለ። ወፉን ቀትር እስኪሆን አጥሩ ውስጥ ማቆየት አለባት። «ክ…» አለች። ትንፋሽ ብቻ ወጣ። እንደገና ሞከረች፤ ምንም። ሰባኪው አንገቱን አሰገገ። ጭራውን አጠፈ። ሰልችቶት ወደ ሽቦው መራመድ ጀመረ። የሀርለስ ጠመንጃ ቀስ ብሎ ከጉልበቱ ተነሳ።

በዚህ ጊዜ አክስቴ ከጡት መያዣዋ ውስጥ ቀጭን ነገር አወጣች፤ ሳየው ጸጉሬ ቆመ። የዶርሰል የአጥንት መጥሪያ ነበር። ከሴት ተርኪ ክንፍ የተሠራ ሦስት አጥንት፣ አንዱ ባንዱ ውስጥ የገባ፤ ትንፋሽን ወደ ውስጥ እየሳቡ ነው የሚጠሩበት። ዶርሰል በጉብዝናው የሠራው ነው፣ እንደሱ ያለ ድምፅ ያለው ሌላ መጥሪያ የለም። ደግሞም በቀብሩ ዕለት ሀርለስ በሰው ሁሉ ፊት፣ በገዛ እጁ፣ የሟቹ ደረት ኪስ ውስጥ ሲከተው አይቻለሁ።

ከንፈሯ ላይ አድርጋ ሳበች። «ክያው፣ ክያው፣ ክያው።» ለስላሳ፣ ጣፋጭ፣ እንደ ጥንቱ።

ሰባኪው ባለበት ዞረ። ሀርለስ ግን ብድግ አለ። ወፉ እያየው ከዋርካው ጀርባ ወጥቶ ቆመ፣ አዳኝ መሆኑን ረስቶ። ወፉ አንዴ አየውና ልብሱን እንደሰበሰበ ሰው ሮጦ በሌላው በኩል ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። ሀርለስ ዞሮም አላየው። ባርኔጣውን አውልቆ እስከ ሽቦው መጣ።

«ዶርሰል?» አለ።

የአክስቴን ዐይን ብታዩት። የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። አጥንቱን ወደ አፏ መለሰችና አንዲት ቀጭን «ክያው» አለችው። እኔ እጅጌዬን ነከስኩ።

«አውቄዋለሁ!» አለ ሀርለስ። «አርፈህ እንደማትተኛ አውቄዋለሁ።» ሽቦውን በሁለት እጁ ያዘ። «ተቆጥተኸኛል። እንዳልይዘው የምታደርገኝ አንተ ነህ። ያንን ጨርቅ ላወርድልህ ነው እኮ የምንከራተተው፣ ወንድሜ! ያን ቀን እጅህ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አፈሙዙ ይወዛወዝ ነበር። ‹በሽታዬን ለዴልፊያ እንዳትነግራት፣ ይህን ጸደይ እንኳ ሳታውቅ ደስ ብሏት ትለፈው› ብለህ አስማልከኝ። ታዲያ ምን ላድርግ? ታመመ ከሚሉህ ሳተ ይበሉህ ብዬ ሳቅኩብህ። ሰው እጅህን እንዳያይ እንደ ቂል እየጮህኩ ገባሁ። አሁን ዴልፊያ ዐይኔን አታየኝም፤ እሺ፣ ይሁን። ግን ያ ጨርቅ ተሰቅሎ ሳየው አልችልም። ወፉ ካልሞተ ደግሞ አይወርድም።»

አክስቴን አየኋት። ፈገግታው ፊቷ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። አጥንቱ ከከንፈሯ አልወጣም ነበር። ልቅሶ መጣባት፤ ልቅሶ ደግሞ መጀመሪያ አየር ወደ ውስጥ ነው የሚስበው።

«ክያ-ያ-ያው!» አለ አጥንቱ።

«ጉልጉልጉል!» አለ ሰባኪው ከቁጥቋጦው።

ሁለተኛው ሲቃ መጣ፤ «ክያ-ያው!» ወፉ መለሰ። ሦስተኛውም እንዲሁ። እኔ ሳቅና እንባ አንድ ላይ ያነቀኝ ያን ቀን ብቻ ነው። በመጨረሻ አክስቴ አጥንቱን ከአፏ ነቅላ፣ የባሏን ድንጋይ ተደግፋ፣ በብርቱካንማ ቆቧ ከመቃብሩ ኋላ ብቅ አለች። ሀርለስ «የአምላክ ያለህ!» ብሎ በቂጡ ተቀመጠ።

«ዴልፊያ! ያቺ… ያቺ ተርኪ አንቺ ነሽ?»

«ጥርስ የላትም አልክ» አለች፣ እንባዋን በሽርጧ እየጠረገች። «ትሸታለች አልክ።»

«ትሸቻለሽ እኮ! ያ አጥንትስ? በገዛ እጄ ኪሱ ውስጥ ከትቼዋለሁ!»

«ክዳኑ ሳይዘጋ አወጣሁታ። ባሌ ነው። ኪሱን ዕድሜ ልኬን ስፈትሽ ኖሬ የመጨረሻውን ልለፈው?»

ሀርለስ ሱሪውን እያራገፈ ተነሳ። አክስቴ ወደ ሽቦው ሄደች። ፊት ለፊት ቆሙ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አስምሎኝ ነበር።»

«ከሞተ በኋላስ?»

«መሐላ ሰውየው ሲሞት ይሞታል እንዴ?»

 ፀሐይዋን ቀና ብላ አየች። «ቀትር ሆነ?» አለችኝ። ገና ነው አልኳት፣ ትንሽ ይቀረዋል።

«ተኩስ» አለችው።

«ምኑን? ወፉ የለም!»

«ሸለቆው ላይ፣ ወደ ሰማይ። ሰዓቱ ሳያልፍ ተኩስ ብዬሃለሁ፣ ሀርለስ!»

ሰባት ዓመት በምትበልጠው ሴት ፊት ወንድ ምን ያደርጋል? ዞሮ ወደ ባዶው ሰማይ ተኮሰ። ተኩሱ ከተራራ ተራራ ሄደ። ሰባኪው ቁጥቋጦው ውስጥ ሆኖ ለሱም መለሰለት።

«ሳትክ» አለች አክስቴ። «ኦፓል ምስክር ናት። ዙር።»

ያኔ ገባው። ጠመንጃውን ባዶ አድርጎ ዋርካው ላይ አስደገፈ፣ ጀርባውን ሰጣት፣ ሸሚዙን ከሱሪው ሳብ አደረገ። እሷ በሣር መቁረጫው መቀስ ቆረጠችለት፣ ጠማማ አድርጋ፣ እስከ ወገቡ ድረስ፤ ስትቆርጥ የሁለቱም ትከሻ ይንቀጠቀጥ ነበር። በመሀሉ የእሳት አደጋ ጣቢያው የቅዳሜ ቀትር ሳይረን ጮኸ፤ ሰባኪውም እንደ ልማዱ የመጨረሻውን ቃል ወሰደ።

ከሰዓት በኋላ ሱቄ ሞልቶ ነበር። የሀርለስን ሰማያዊ ጨርቅ ከዶርሰል ቀይ ጎን ቸነከርኩት፣ ጫፍ ለጫፍ አስነክቼ። ወንዶቹ ሀርለስን ከበው እየሳቁ ያላግጡበታል።

«አንተም? ያው ወፍ?»

«ያው ወፍ።»

«ከምን ያህል ርቀት ነው የሳትከው?»

«ካንተ እስከ ዱቄቱ ያህል» አለ። ጀርባው በተቆረጠው ሸሚዝ በኩል ይታያል።

«ምን ሆነህ? እጅህ ተንቀጠቀጠ?»

 ሀርለስ አክስቴን አየ፤ አክስቴም፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ዐይኑን አየችው።

«አዎ» አለ። «በጣም።»

 አክስቴ ዴልፊያ ወደ ግድግዳው ቀና አለች፣ ሁለቱን ጨርቆች በመዳፏ ደልደል አደረገቻቸውና የሽርጧን ኪስ ዳብሳ ጥርሷን መለሰች።

«የዘር ነው» አለች። «ሀርለስ፣ ነገ ማለዳ ጓሮ እንቀመጣለን። በቆሎ ይዘህ ና።»